ሄንሪ ዴቪድ ቶሮና የዎልደን ኩሬ

በዚህ ዓምድ የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በየጊዜው ማቅረባችን ይታወሳል። ዛሬ ተራው የአንድ አሜሪካዊ ነው። ደራሲ ነበር፤ እርሳስ ሠሪ ነበር፤ መሬት ቀያሽም ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እንደ እኛው መምህር ነበር፤ ያውም በከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ብቻ የቆየ መምህር! የመረጥነው ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። አንድ ተራ ኩሬ በአገሩ ሰዎች ዘንድ እንደ ተቀደሰ ስፍራ እንዲታይ ያደረገ ሰው በመሆኑ ነው። ኩሬው ዎልደን ይባላል። ተአምር አልተሠራበትም፤ ቅዱስ አልተገለጠበትም፤ ንጉሥም አልተቀበረበትም። ታዲያ ሰው ከሩቅ አገር ድረስ ተጉዞ እዚያ ድንጋይ አኑሮ የሚመለሰው ምን አግኝቶ ነው? ይህ ጥያቄ በመኝታ ክፍላችን ሁለት ማታ ሙሉ አከራክሮናል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። የሰውየውን ታሪክ ግን እነሆ ብለናል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ቶሮ ጁላይ 12 ቀን 1817 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከአራት ልጆች ሦስተኛው ነው። አባቱ እርሳስ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ እናቱ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ተከራይ ታሳድር ነበር። ሀብታሞች አልነበሩም፤ የሚበሉትም አላጡም። ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ ዎልደን ኩሬ ወስደውት እንደነበር፣ ያ ዕይታም ከቀዳሚዎቹ የልጅነት ትዝታዎቹ አንዱ እንደሆነ በኋላ ራሱ ጽፏል።

ከዚህ ላይ ስለ አካባቢው ሃይማኖት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ኮንኮርድን በ1635 የቆረቆሯት ከእንግሊዝ የመጡ ፒዩሪታን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በእነሱ እምነት ከሌላው ቦታ ይበልጥ የተቀደሰ ቦታ የለም። የሚሰበሰቡበት ቤት ሥዕል የሌለበት፣ መቅደስ የሌለበት፣ ባዶ የእንጨት አዳራሽ ነበር። እሑድ ጸሎት ይደረግበታል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ስለ መንገድና ስለ ግብር ይመከርበታል። እኛ አገር ታቦት የገባበትን ደብር፣ ጸበል የፈለቀበትን ገደል አክብረን ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው። የከተማዋ ሰዎች አክብረው ሐውልት ያቆሙለት ቦታ ቢኖር በ1775 ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር የተታኮሱበት የሰሜኑ ድልድይ ነው። ሐውልቱ የቆመውም በ1836 ነው። እንግዲህ ክብር ያገኘው ቦታ ደም የፈሰሰበት ነው ማለት ነው። ዎልደን ያኔ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት፣ ማገዶ የሚቆርጥበት ስፍራ ብቻ ነበር።

በዚያው በ1836 ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን የተባለ የኮንኮርድ ነዋሪ ስለ ተፈጥሮ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ኤመርሰን ቀድሞ በቦስተን ሰባኪ ነበር፤ የቁርባኑን ሥርዓት በሙሉ ልብ መፈጸም አልችልም ብሎ በ1832 ሥራውን የተወ ሰው ነው። እሱና ጓደኞቹ ትራንሰንደንታሊስት ተባሉ። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር ሰው ፈጣሪን ለማግኘት ካህንም ሆነ አዳራሽ ሳያስፈልገው በሜዳና በዱር በቀጥታ ሊያገኘው ይችላል የሚል ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የኤመርሰን ተፈጥሮ በጠቅላላው ነው፤ ሰማይ፣ ዛፍ፣ ሜዳ። ስም ያለውን፣ ጥልቀቱ የሚታወቀውን፣ ባለቤቱ እገሌ የሚባለውን አንድ ኩሬ መያዝ ለወጣቱ ለሄንሪ ቀረለት።

ሄንሪ በ1837 ከሃርቫርድ ኮሌጅ ተመረቀ። ዓመቱ የአገሪቱ ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ሥራ የጠፋበት ነበር። እሱ ግን ዕድለኛ ሆኖ በተወለደባት ከተማ በመምህርነት ተቀጠረ። ልጆቹን ያለ ዱላ ያስተምር ጀመር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አንድ ሰው መጥቶ ክፍሉን አየና ተማሪዎች ካልተገረፉ ትምህርት ቤቱ ይበላሻል ብሎ ገሠጸው። ሄንሪ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የዚያኑ ዕለት ጥቂት ተማሪዎችን ያለ ምንም ጥፋት ጠርቶ ገረፈና ማታውኑ ሥራውን ለቀቀ። ታዘዝኩ፣ አሳየኋችሁ፣ በቃኝ ለማለት መሆኑ ነው። ይህን ስናነብ ከመካከላችን የሳቀም የተናደደም ነበር። የተናደደው፣ ልጆቹ ምን አደረጉት? ነው የሚለው። እኛም በዚህ እንስማማለን። ተቃውሞው ለኮሚቴው ሆኖ ሳለ የተገረፉት ሕፃናት ናቸው። ለተግባር ትምህርት በወጣንበት ትምህርት ቤት አርጩሜ በእጃችን የተሰጠን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ አይጠፋንም።

በ1838 ከታላቅ ወንድሙ ከጆን ጋር የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያህል ሠርቷል፤ ዱላ አልነበረበትም። ተማሪዎችን ይዘው ወደ ጫካ ይወጡ፣ በጀልባ ወንዝ ላይ ይወስዷቸው፣ የመሬት ቅየሳ በሜዳ ላይ ያስተምሯቸው ነበር። ምን አለፋችሁ፣ ዛሬ በትምህርት ዘዴ ክፍለ ጊዜ እንደ አዲስ ግኝት የምንማረውን ሁለቱ ወንድማማቾች ያኔ ይሠሩት ነበር።

ጆን ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ ነበር። ሄንሪ ቁጥብ ነው። በ1839 ሁለቱ በገዛ እጃቸው በሠሯት ጀልባ በኮንኮርድና በሜሪማክ ወንዞች ላይ ተጓዙ፤ ጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። በ1840 ደግሞ ሁለቱም አንዲት ልጅ ወደዱ፤ ሁለቱም ጠየቁ፤ ሁለቱም ቀሩ። ይህም ሆኖ ፍቅራቸው አልቀነሰም። በ1841 የጆን ጤና ስለተዳከመ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በጃንዩዋሪ 1842 ጆን የጢም ምላጭ ሲስል ጣቱን ቆረጠው፤ ቁስሉ ወደ መንጋጋ ቆልፍ ተለወጠ። ጃንዩዋሪ 11 ቀን በሄንሪ እቅፍ ውስጥ ሞተ። ሄንሪ ቁስል ሳይኖርበት እሱም የዚያኑ በሽታ ምልክት አሳየ፤ ሰውነቱ የወንድሙን ሕመም ወሰደ፤ ቤተሰቡም እሱም ሊሞት ነው ብለው ፈሩ። እሱ ዳነ። ያን ጊዜ የኤመርሰን የአምስት ዓመት ልጅም በዚያው ወር ሞቶ ነበርና ኮንኮርድ የሐዘን ከተማ ሆነች።

በ1844 ሌላ ነገር ተጨመረ። ሄንሪ ከአንድ ጓደኛው ጋር ዓሣ ሊጠብስ ያነደደው እሳት አመለጠና ሦስት መቶ ኤከር ያህል ጫካ አቃጠለ። የከተማው ሰው ጫካ አቃጣይ እያለ ብዙ ዓመት አማው። ዱሩን ወዳጅ የሚባለው ሰው ይህን ሠርቷል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ማንሳት አይወዱም፤ ከታሪኩ ሊወጣ የሚገባው ነገር ግን አይመስለንም።

እንግዲህ ወደ ኩሬው የሄደው ሰው ማን ነው? ወንድሙ በእቅፉ የሞተበት፣ ጫካ ያቃጠለ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። ዓለምን ንቆ የመነነ ባሕታዊ አድርገው የሚስሉት አሉ። እንደ እኛ ግምት ግን ሊሠራው የሚፈልግ አንድ ሥራ ነበረው። ከጆን ጋር ያደረገውን የወንዝ ጉዞ መጽሐፍ አድርጎ መጻፍ፣ ለወንድሙ መታሰቢያ ማቆም። ይህን በእናቱ ቤት በተከራይ ጫጫታ መካከል ማድረግ አልቻለም።

ኤመርሰን ዛፎቹ እንዳይቆረጡ ብሎ በ1844 በዎልደን ዳር መሬት ገዝቶ ነበር፤ ለሄንሪ ፈቀደለት። በማርች 1845 ሄንሪ መጥረቢያ ተውሶ ጥድ መቁረጥ ጀመረ። (መጥረቢያውን ሲመልስ ከወሰደው ጊዜ ይበልጥ ስሎ እንደመለሰው ጽፏል። የዕቃ አዋዋስ ትምህርት ነው፤ የእኛን ብረት ምጣድ ወስዳችሁ ሳታጥቡ የመለሳችሁ ጓደኞች ልብ በሉ!) ጣውላውን ያገኘው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የነበረ አንድ የአየርላንድ ሰው ትቶት ከሄደው ጎጆ ነው፤ በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዛው። ቤቱ ስፋቱ 10 ጫማ፣ ርዝመቱ 15 ጫማ ነበር፤ በሜትር ሦስት በአራት ተኩል ያህል ማለት ነው። ጠቅላላ ወጪው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ሆነ። ያኔ አንድ የሃርቫርድ ተማሪ ለመኝታ ክፍል በዓመት 30 ዶላር ይከፍል ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1845 ገባ።

ቦታው በረሃ አልነበረም። ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢርቅ ነው። የፊችበርግ ባቡር በኩሬው ጫፍ እያፏጨ ያልፋል። እናቱ ቤት ሄዶ ይበላል፤ እንግዳም ይቀበላል። ከመካከላችን አንዱ እዚህ ላይ ሲደርስ፣ ታዲያ ይኼ ምን ብሕትውና ነው፣ የእናት እንጀራ እየበሉ! ብሎ አሳቀን። ልክ ነው። ግን ስለዚሁ እኮ ነው የዎልደን ነገር የሚገርመው። ባቡር በሚያልፍበት፣ እናት በምትገኝበት፣ ሰው ሁሉ በየቀኑ እያየ በሚያልፈው ቦታ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ሁለት ኤከር ተኩል መሬት አርሶ ቦሎቄ ዘራ። በመጀመሪያው ዓመት ከእርሻው የተረፈው ትርፍ 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል ነው። ማለዳ በኩሬው ይታጠባል፤ ይህንንም እንደ ሃይማኖት ሥርዓት ይቆጥረው ነበር። ከዚያ ይኮተኩታል፣ ይጽፋል፣ ይዞራል። በረዶው መቼ እንደያዘ፣ መቼ እንደቀለጠ፣ የትኛው ወፍ መቼ እንደመጣ ይመዘግባል።

የከተማው ሰው ዎልደን ታች የለውም ይል ነበር። ወንዝ አይገባበትም፤ ወንዝ አይወጣበትም፤ ውኃው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ መጨረሻ የለውም እየተባለ ይነገራል። በ1846 መጀመሪያ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ሄንሪ በላዩ ላይ እየተራመደ፣ በረዶውን እየበሳ፣ በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስሮ መቶ በሚበልጥ ቦታ ለካው። ጥልቁ ቦታ 102 ጫማ፣ ማለት 31 ሜትር ያህል ሆነ። ከዚያም ካርታውን ሲያነሣ የርዝመቱ መስመርና የወርዱ መስመር የሚገናኙት ልክ ጥልቁ ነጥብ ላይ ሆኖ አገኘው። በዘመናችን በመሣሪያ የተደረገው ልኬት ከእሱ ጋር ይቀራረባል። ኩሬው የተፈጠረው በጥንቱ የበረዶ ዘመን ተቀብሮ የቀረ ግዙፍ በረዶ ሲቀልጥ እንደሆነ፣ ውኃውም በመሬት ውስጥ ለውስጥ እንደሚመጣ ዛሬ ይታወቃል።

ክርክራችን የጦፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ የሚከበረው ምሥጢር ስላለበት ከሆነ ሄንሪ ምሥጢሩን በገመድ ገደለው ማለት ነው። ታች የለውም የተባለውን ታች አለው፣ ይኸውና ቁጥሩ አለ። ግን ከለካው በኋላ ለኩሬው ያለው ክብር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እኛ አብዛኞቻችን የደረስንበት ይህ ነው፤ አንድን ነገር በበረዶ ላይ ቆሞ መቶ ጊዜ መለካት ራሱ የጸሎት ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። አንደኛው ጓደኛችን ግን አልተቀበለም። ቦታውን የቀደሰው ልኬት ሳይሆን የጆን ሐዘን ነው፤ ለሟች ወንድም መጽሐፍ የተጻፈበት ቤት በመሆኑ ነው ይላል። እሱም ወንድም የሞተበት ስለሆነ ብዙ አልተከራከርነውም።

ሄንሪ በዚያ ጫካ ብቻውን እንዳልሆነም ያውቅ ነበር። ከእሱ በፊት ከባርነት የወጡ ጥቁሮች እዚያ ኖረዋል። ኮንኮርድ ለም መሬቷን ስለማትሰጣቸው ወደዚያ አሸዋማ ዳር ተገፍተው ነው። ኬቶ ኢንግራሃም፣ ተልባ ትፈትል የነበረችው ዚልፋ፣ ብሪስተር ፍሪማን። ሄንሪ በመጽሐፉ ስማቸውን እየጠራ የቤታቸውን ፍርስራሽ፣ ብሪስተር የተከላቸውን የፖም ዛፎች ጽፏል። የከተማው ታሪክ ረስቷቸው ነበር። ቦታ የሚከበረው ታላላቅ ሰዎች ስለረገጡት ብቻ ነው ብሎ ቢያምን ኖሮ ዚልፋን ባላነሣት ነበር።

በጁላይ 1846 ጫማውን ሊያሳድስ ወደ ከተማ ወርዶ ሳለ የነፍስ ወከፍ ግብር ባለመክፈሉ ታሰረ። ባርነትን ለሚፈቅድ፣ በሜክሲኮ ላይ ለሚዘምት መንግሥት አልከፍልም ያለ ነበር። አንድ ሌሊት አደረ፤ ሌላ ሰው ከፈለለትና ወጣ፤ ወጥቶም ከልጆች ጋር የዱር ፍሬ ለቀማ ሄደ። በዚያው በኦገስት 1 ቀን የኮንኮርድ ሴቶች የፀረ ባርነት ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባውን በጎጆው ደጃፍ አደረገ። ስለ እስራቱ በ1849 ያሳተመው ጽሑፍ በኋላ ለጋንዲና ለማርቲን ሉተር ኪንግ ምን እንደሆነ ብዙ ስለተጻፈ እንለፈው።

በ1846–47 ክረምት ብዙ ሠራተኞች መጥተው የኩሬውን በረዶ በመጋዝ እየቆረጡ ወሰዱ። ያኔ የማሳቹሴትስ በረዶ በመርከብ እስከ ካልካታ ይሸጥ ነበር። ሄንሪ የሕንዶችን ቅዱስ መጽሐፍ ያነብ ስለነበር፣ የኩሬው ውኃ ከጋንጅስ ወንዝ ውኃ ጋር እንደሚቀላቀል አሰበ። በረዶ ነጋዴ የከፈተለትን በር እሱ ለሃይማኖት ተጠቀመበት እንበል?

ሴፕቴምበር 6 ቀን 1847 ጎጆውን ለቀቀ። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን ሆነው ማለት ነው። የጆን መታሰቢያ መጽሐፍ በ1849 በገዛ ወጪው አንድ ሺሕ ቅጂ ታተመ፤ አልተሸጠም። በ1853 ሰባት መቶ ስድስቱ ተመለሱለትና ተሸክሞ ሰገነት ላይ ከመራቸው። ስለ ኩሬው የጻፈውን ግን ሰባት ጊዜ ያህል ደጋግሞ አርሞ በ1854 አሳተመው። ኑሮውን የሚገፋው በቅየሳና በአባቱ እርሳስ ሥራ ነበር፤ የቤተሰቡን እርሳስ በአገሪቱ ካሉት ምርጥ ያደረገው እሱ ነው። ቤተሰቡ ከደቡብ ያመለጡ ባሮችን ደብቆ ወደ ካናዳ ያሻግር ነበር፤ ሄንሪም በዚሁ ይረዳ ነበር።

ሜይ 6 ቀን 1862 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። 44 ዓመቱ ነበር። በወጣትነቱ የአባልነት ግብር አልከፍልም ብሎ ከወጣበት ቤተ ክርስቲያን አስከሬኑ ገብቶ ኤመርሰን ተናገረለት። የከተማው ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረው ብሮንሰን ኦልኮት ተማሪዎች ለቀብሩ እንዲወጡ ትምህርት ዘጋ። ሁለት ሳምንት ብቻ ላስተማረ መምህር!

ጎጆው ከእሱ በኋላ የእህል ማከማቻ ሆነ፤ በኋላም ፈረሰ። በ1866 ባቡር ድርጅቱ በኩሬው ዳር መዝናኛ ሠራ፤ ዥዋዥዌ፣ የዳንስ አዳራሽ፣ ጀልባ። በ1902 ተቃጠለና ቀረ። በ1872 ኦልኮትና አንዲት እንግዳ ጎጆው ነበረ በተባለው ቦታ ድንጋይ አኖሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ድንጋይ እየጨመረ ክምር ሆነ። ያዘዘ የለም፤ ካህን የለም፤ ሥርዓት የጻፈ የለም። በ1922 የኤመርሰን ቤተሰብና ሌሎች መሬቱን ለማሳቹሴትስ ግዛት ሰጡ። በ1957 ለዋናተኞች ቦታ ለማስፋት ዛፍ ሲቆረጥ ዜጎች ከሰሱ፤ በ1960 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ እስከ 1994 ድረስ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር። የተቀደሰው ስፍራ ጎረቤት ይህ ነው! ዛሬም በበጋ ሰው ምሳውን ይዞ ሊዋኝ ይሄዳል፤ ሕፃናት ይንጫጫሉ፤ ባቡሩ ያልፋል።

በ1945፣ ሄንሪ ወደ ኩሬው በሄደ በመቶኛው ዓመት፣ ሮላንድ ሮቢንስ የተባለ ሰው ቆፍሮ የጎጆውን የጭስ መውጫ መሠረት አገኘ። መሠረቱ የተገኘው ከድንጋዩ ክምር ሥር አልነበረም፤ ከአጠገቡ ነው። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያኖር የነበረው ትክክለኛውን ቦታ በጥቂት እርምጃ ስቶ ነው ማለት ነው። አሁን ትክክለኛው ቦታ በድንጋይ ምሰሶና በሰንሰለት ታጥሯል። ሰዎቹ ግን ድንጋያቸውን የሚያኖሩት ዛሬም ከአጥሩ ውጪ፣ እዚያው በቀድሞው ክምር ላይ ነው።